እማዬ የምትሞላው፣ እኔ በድብቅ የማጥበው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉዳዩ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እናቴ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስትመጣ ድመቷን ይዛ ነው የመጣችው። ድመቷ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእማዬ ዓይን እየደከመ ሄዷል፤ ወገቧም እንደ ድሮው አያጎነብሳትም። የድመቷን የውሃ ሳህን ከወለል ላይ ስታነሳ ሁለት ጊዜ ደፍታው ልትወድቅ ነበር። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋውንቴን ገዛሁላት። ውሃው ከላይ እየፈሰሰ ታች ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ምን ያህል እንደተደሰተች አልነግርዎትም። በየማለዳው በጆግ ውሃ ቀድታ የጎደለውን ትሞላለች። «ልጄን አጠጣኋት» ትለኛለች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ድመቷ ከፋውንቴኑ መጠጣት ተወች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ወለል ላይ የቀረ ውሃ ስትልስ አገኘኋት። ፓምፑም ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። አንድ ማታ እማዬ ከተኛች በኋላ ከፈትኩት። የውስጡ ግድግዳ በሙሉ ይዝለገለጋል። ውሃው የሚደርስበት ጠርዝ ላይ ሮዝ መስመር ዞሮበታል። ፓምፑ አፍ ላይ ጸጉር ተከማችቷል። ሽታው ደግሞ ለብቻው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ማጣሪያ ስላለው ራሱን የሚያጸዳ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በድብቅ አጥበዋለሁ። እማዬ አታውቅም። ብነግራት «በገዛ እጄ ቆሻሻ ሳጠጣት ከረምኩ» ብላ እንዳትሰበር ፈራሁ። የእኔ ነው የምትለው ሥራ የቀራት ይህ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ደከመኝ። ሳህኑን ፈትጌ አጥቤው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይዝለገለጋል። በረኪና ላደርግበት አስቤ ፈርቼ ተውኩት። ፋውንቴኑን ልጣለው? ለእማዬስ ልንገራት ወይስ እንዲሁ ልቀጥል?

የእማዬ ልጅ ነኝ

መልስ

ውድ የእማዬ ልጅ፣

ተራ ነገር አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነፍስ አለ። እናትሽን እንዳይከፋቸው ትጠብቂያለሽ፤ ድመቷን እንዳትታመም ትጠብቂያለሽ። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ፤ የአንቺን ድካም ግን እስካሁን ያየ ሰው የለም። ስለ እናትሽ የምለው ብዙ ነው፤ እሱን ትንሽ ላቆየውና ከድመቷ ልጀምር። የእሷ ጉዳይ ማደር የለበትም።

ዛሬውኑ ሁለት ሰፋ ያሉ ሳህኖች ውሃ ሞልተሽ አስቀምጪላት። አንዱ ፋውንቴኑ ያለበት ክፍል፣ ሌላው ሌላ ክፍል ይሁን። ሴራሚክ ወይም ስቴንለስ ስቲል ቢሆን እመርጣለሁ። ከምትጸዳዳበት አሸዋ አርቂው፤ ብዙ ድመቶች እዚያ አጠገብ ያለ ውሃ አይጥማቸውም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ደግሞ ዝጊው። የወለል ውሃ የምትልሰው ወድዳው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወለሉ የታጠበበት ሳሙና አብሮ ሆዷ ይገባል።

ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በደንብ ተከታተያት። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን በጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋታል። ከምግቧ የምታገኘውም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እርጥብ የታሸገ ምግብ ከሆነ የምትበላው፣ ከ70 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው፤ ሳህኗ ብዙ ባይጎድል አትደንግጪ። ደረቅ ምግብ ውስጥ ግን ያለው ውሃ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ደረቅ ብቻ እየበላች የማትጠጣ ድመት ታሳስበኛለች። ስንት ጊዜ ትሸናለች? አሸዋው ላይ የሚረጥበው ቦታ ከበፊቱ አንሷል ወይስ ያው ነው? እስካሁን ልብ ካላልሽው ከዛሬ ጀምረሽ እዪው።

ከሳህኑም አልጠጣ ካለች፣ መብላት ከቀነሰች፣ ካስመለሳት ወይም ከደበታት የእንስሳት ሐኪም ይያት። ለመሽናት ተቀምጣ አምጣ አምጣ ጠብ የማይልላት ከሆነ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይዘሻት ሂጂ። በተቃራኒው ከወትሮዋ አብዝታ መጠጣት ከጀመረችም መታየት አለባት። ኩላሊት፣ ስኳር ወይም ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ዕድሜዋ ሲገፋ እየተለመዱ ይመጣሉ። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ምናልባት ድመቷ ምንም አልሆነችም፤ ውሃው ሸተታትና ሌላ ቦታ ፈለገች፣ በቃ። የድመት አፍንጫ ከእኛ አስቀድሞ ያውቃል።

አሁን «ማጣሪያ ስላለው» ያልሽው ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚህ የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም የድመቴን ፋውንቴን ፓምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈታሁት መሥራት ሲያቆም ነው፤ ያየሁትን አልረሳውም። ማጣሪያው የራሱ ሥራ አለው። ስፖንጁ ጸጉርና ፍርፋሪ ይይዛል፤ ከሰሉ ሽታና የክሎሪን ጣዕም ይቀንሳል። ባክቴሪያን ግን አይገድልም። ድመቷ በጠጣች ቁጥር ምራቋ፣ አፏ ላይ የቀረ ምግብና ጸጉሯ ውሃው ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው ይህን እየተመገበ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ራሱ በሚሠራው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ይደበቃል። ባዮፊልም የሚሉት ይህን ነው። ጠዋት ስንነሳ ጥርሳችንን በምላሳችን ስንዳስስ የሚሰማን ነገርም ከዚሁ ወገን ነው። ሮዝ መስመሩም አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ እርጥብ መታጠቢያ ቤት ጥግ ላይ የሚወጣው ዓይነት። ውሃው ስለፈሰሰ አይቆምም። በማለቅለቅም አይለቅም። አፍን በመጉመጥመጥ ብቻ ጥርስ እንደማይጸዳ ሁሉ፣ ይሄም መታሸት አለበት።

ታዲያ እያሸሽው በሦስተኛው ቀን ለምን ተመለሰ? «ሳህኑን ፈትጌ» ነው ያልሽኝ። ፓምፑንስ ከፍተሽው ታውቂያለሽ? አፉ ላይ ያለውን ጸጉር ማንሳት ማለቴ አይደለም፤ ውስጡን። ካልከፈትሽው ጠላትሽ እዚያ ነው ያለው። ሳህኑ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ፓምፑ ውስጥና አሮጌው ስፖንጅ ላይ የቀረው ዝልግልግ ሶኬቱን በሰካሽ ቅጽበት ወደ ንጹሑ ውሃ ይረጫል። ሌሊቱን ሙሉ የለፋሽበት በአንድ ደቂቃ ይበላሻል።

ስለዚህ ቀጥሎ ስታጥቢ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀዪ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅሽ ውሃ የሚነካው። ውሃውን በሙሉ ድፊው። ሁሉንም ክፍል ፈታተሽ ለየብቻ አስቀምጪ፤ ክዳን፣ ሳህን፣ ቱቦ፣ ስፖንጅ፣ ፓምፕ። ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብ አድርጊና ለብ ባለ ውሃ እሺው። ለዚህ ብቻ የሚሆን ስፖንጅ ለዪ። የብረት መፈተጊያ አትጠቀሚ፤ ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፤ ጭረቱ ደግሞ ለባክቴሪያው መደበቂያ ይሆናል። ለጥጋጥጉ ያገለገለ የጥርስ ብሩሽ የሚያክለው የለም።

ፓምፑ ላይ ስትደርሺ ረጋ በይ። ብዙዎቹ የክብሪት ሳጥን ያክላሉ። የፊት ክዳኑን በጥፍርሽ ፈልቅቀሽ አንሺው። ውስጥ ክንፍ ክንፍ ያላት ትንሽ መሽከርከሪያ ታያለሽ፤ ኢምፔለር ይሏታል። ውሃውን የምትገፋው እሷ ናት። ስትስቢያት ማግኔቱ ትንሽ ይታገልሻል፤ አትደንግጪ፣ ቀስ ብለሽ አውጪያት። ቀጭን ዘንግ ስላላት ከጎን ከተጫንሻት ልትሰበር ትችላለች። ወገቧ ላይ ጸጉር እንደ ክር ተጠምጥሞ፣ ማግኔቱ ደግሞ ጥቁር ለሐጭ በመሰለ ነገር ተለብጦ ብታገኚው አይግረምሽ። ያ ማጉረምረም የመጣው ከዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ጸጉሩን በወረንጦ አንሺ። እሷ የወጣችበትን ጉድጓድ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ዞር ዞር እያደረግሽ ጥረጊው። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሚው። ቱቦውንም አትርሺ።

ውሃችሁ ነጭ ደረቅ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም። ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለሽ ክፍሎቹን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊያቸው፤ ከዚያ በብሩሽ እሺ። በመጨረሻ ሁሉንም ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመሽ አለቅልቂ። አፍንጫሽን አስጠግተሽ አሽቺው። ለአንቺ የሳሙና ወይም የአቼቶ ሽታ ከሸተተሽ፣ ድመቷ ዘወር ብላም አታየውም።

በረኪናውን መፍራትሽ ትክክል ነበር። በየሳምንቱ በደንብ ለሚታሽ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ቀን የግድ ካልሽም በጣም አቅጥነሽ፣ ዕቃው በሳሙና ከታጠበ በኋላ፣ ከዚያም ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ አለቅልቀሽና አድርቀሽ ይሁን። ከአቼቶ ጋር ግን በፍጹም እንዳይገናኝ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ የአንቺንም የእናትሽንም ሳንባ ይጎዳል። የወለል ማጽጃ፣ ውሃ ላይ ሲጨመር እንደ ወተት የሚነጣ የጀርም መድኃኒት፣ ጥሩ ሽታ ያለው የእጽዋት ዘይት፣ እነዚህን አታስጠጊ። የድመት ጉበት የእኛ ጉበት የሚያስወግዳቸውን ብዙ ነገሮች ማስወገድ አይችልም፤ ለእኛ ምንም ያልሆነ ነገር እሷን ይመርዛታል።

ስለ ማጣሪያው ባጭሩ። ስፖንጁን ባጠብሽ ቁጥር ጨምቀሽ እጠቢው። ከሰል ያለበትን እንደ አጠቃቀማችሁ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀይሪው፤ አዲሱን ከመግጠምሽ በፊት ጥቁር ዱቄቱ እስኪያልቅ አለቅልቂው። ሦስት ወር የቆየው እስካሁን እዚያው ካለ ዛሬውኑ ይጣል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይሄኛው ወደ እናትሽ ይወስደናል። እሳቸው በየማለዳው የጎደለውን ይሞላሉ። መሙላትና መቀየር ግን አንድ አይደሉም። ውሃው ሲተን ውስጡ ያለው ማዕድንና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ በላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ሲጨመር አሮጌው አይወጣም። ጨርሶ ተደፍቶ ነው አዲስ መሞላት ያለበት፤ በየቀኑ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነ በሁለት ቀን አንዴ። መላው ዕቃ ከነፓምፑ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠብ። ለጊዜው ግን፣ ቶሎ ቶሎ እየተዝለገለገ ስለሆነ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ አድርጉት። የተቀመጠው ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነም ከዚያ አንሡት፤ አረንጓዴው አልጌ ብርሃን ይወዳል። የውሃው መጠን ከፓምፑ በታች እንዳይወርድም ተጠንቀቁ፤ ፓምፑ አየር ሲስብ ይጮኻል፣ በደረቁ ከሠራ ደግሞ ይቃጠላል።

ልጣለው ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን ገና አልጥለውም። ይህን አንድ ወር ያህል ሞክሩትና ድመቷ ትወስን። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ጎን ለጎን ሲቀርቡላት አሁንም ወደ ሳህኑ ከሄደች፣ ሳህን የምትወድ ድመት ናት ማለት ነው፤ እንደዚያ ያሉ ብዙ ናቸው። ያኔ ሳህኑን እናትሽ ሳያጎነብሱ የሚደርሱበት ያንኑ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ነው፤ ፋውንቴኑ ቢቀር ምንም አይጎድልባችሁም። ፕላስቲኩ ውስጡ በጭረት ከተሞላም አትታገዪው፣ በሴራሚክ ወይም በስቴንለስ ስቲል ለውጪው።

አሁን እናትሽ። ንገሪያቸው።

ለምን እንደደበቅሽው ይገባኛል፤ ከፍቅር ነው። ግን እስኪ አስቢው፤ አንድ ሌሊት ውሃ ሊጠጡ ተነስተው ጨለማ ውስጥ ፋውንቴኑን ስታጥቢ ቢያገኙሽ ምን ይሰማቸዋል? ውሃው መቆሸሹ ነው የሚያማቸው ወይስ ልጃቸው ከእሳቸው መደበቋ? ደግሞም እሳቸው ካላወቁ ነገ ጠዋትም የጎደለውን ብቻ ነው የሚሞሉት። የአንቺ የሌሊት ሥራና የእሳቸው የማለዳ ሥራ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

ስትነግሪያቸው ከቆሻሻው አትጀምሪ። ከራስሽ ጀምሪ፤ እውነቱም እሱ ነው። «እማዬ፣ ይሄን ዕቃ የገዛሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚታጠብ ሳላጣራ ነው የሰጠሁሽ። ለካ ፓምፑ ተፈትቶ መታጠብ ነበረበት። ለብቻዬ ስሞክር ደከመኝ፤ እርጂኝ» በያቸው። «እርጂኝ» የሚለውን ቃል አትተዪው። እናት ልጇ ደከመኝ ስትላት ዝም አትልም።

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት» ካሉ ደግሞ ለማስተባበል አትቸኩዪ። ትንሽ ይዘኑበት። ከዚያ የምታውቂውን ንገሪያቸው፤ በየማለዳው የቀዱት ውሃ ንጹሕ ነበር፣ የቆሸሸው ዕቃው ነው። ድመቷም እስካሁን ታመመች ያለ ሐኪም የለም።

እና ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ውስጥ የቀረውን ነገር ልንገርሽ። እናትሽ ዓይናቸው ስለደከመ ይህ ሥራ ከእጃቸው ሊወጣ የተቃረበ መስሎሻል። ይህ ዝልግልግ ግን ሲጀምር ቀለም የለውም። እንደ ውሃው የጠራ ነው። ዓይን ሮዙን መስመር የሚያየው ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያገኘው ጣት ነው። ስንት ዓመት ዕቃ ያጠቡ፣ ድስት የዳሰሱ ጣቶች ቤትሽ ውስጥ አሉ። አንቺ ያላየሽውን እሳቸው በአንድ ዳሰሳ ያገኙታል።

የሁለታችሁም ጊዜ የሚሆን አንድ ቀን ምረጡ፤ በቀን ብርሃን ይሁን እንጂ ሌሊት አይሁን። ሶኬቱን መንቀልና ከባዱን ዕቃ ማንሳት የአንቺ ድርሻ ነው፤ ኢምፔለሯንም አንቺ ያዣት፣ ትንሽ ስለሆነች ልትወድቅባቸው ትችላለች። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ከፊታቸው አድርገሽ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አቀብያቸው። ድመቷም መጥታ እግራቸው ሥር ትተኛ ይሆናል። ሲያልቅ ጣታቸውን በሳህኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያሳልፉት። ካንሸራተታቸው መልሺው፣ እንደገና ይታሻል። ጣታቸውን ይዞ ካስቀራቸው ግን ጆጉን ስጪያቸውና ራሳቸው ይሙሉት።